የመስኮቱ ውሻ

ላቪኒያ ትረፕ ሱቅ ስትጠብቅ ትውላለች፤ ሱቁ ግን የሚሸጠው ነገር አልነበረውም። በደቡብ ለንደን፣ ከዓሣ መሸጫውና ከባርኔጣ ቤቱ መሃል የተሸጎጠችው ጠባብ ክፍል እንደ ጎረቤቶቿ ሰፊ የመስታወት መስኮት ነበራት። መስኮቱ ላይ የተዘረጋው ግን አንድ ጣውላ ነው። ጣውላው ላይ አንዲት ቡናማ ውሻ በጀርባዋ ተንጋላ፣ አራት እግሯ በጠፍር ተወጥሮ ታስራለች። ነፍስ የላትም፤ የቀረው ቆዳዋ ነው። ሆዷ በድርቆሽ ተሞልቷል፤ በዓይኖቿ ፋንታ ብርጭቆ ገብቶላታል። ከራስጌዋ የቆመው ካርቶን «በምርምር ቤት ውሻ ከነሕይወቷ የምትታሰረው እንዲህ ነው» ይላል።

የለንደን ሰው ጠባዩ አይገባም። ጎረቤቱ ሚስቱን ሲደበድብ እየሰማ እንዳልሰማ ሆኖ የሚተኛው ሁሉ፣ ፈረሱን የሚገርፍ ጋሪ ነጂ ሲያይ መንገድ ዘግቶ ይጣላል። ስለዚህ መስኮቱ ተመልካች አያጣም ነበር። ዓሣ ገዝተው የሚመለሱ ሴቶች ይቆሙና አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። አንዳንዱ ገብቶ ለፓርላማ የሚላከው አቤቱታ ላይ ይፈርማል። የሕክምና ተማሪዎች ደግሞ መስታወቱን አንኳኩተው፣ እንደ ውሻ ጮኸው፣ እየሳቁ ይሮጣሉ። ላቪኒያ ለሁሉም በሯን ገርበብ አድርጋ ትጠብቃለች።

ሱቁን የከፈተው፣ በእንስሳ ላይ የሚደረግ ሙከራን የሚቃወም ማኅበር ሊቀ መንበር ሚስስ ሆኖሪያ ካልድኮት ይህን ሙግት የጀመሩት ገና አዲስ ሙሽራ ሳሉ ነው። በዚያን ጊዜ ፓርላማው፣ በእንስሳ ላይ ሙከራ የሚያደርግ ሁሉ መጀመሪያ ፈቃድ ያውጣ የሚል ሕግ ደነገገ። ብዙው ሰው «ተመስገን፣ አለቀ» ብሎ ቤቱ ገባ። እሳቸው ግን ደማቸው ፈላ። «ሌባን ፈቃድ አውጥተህ ስረቅ እንደ ማለት እኮ ነው!» ይላሉ እስከ ዛሬ። ኋላ ማኅበርተኞቹ ራሳቸው ለሁለት ተሰነጠቁ። ገሚሱ የእንስሳቱ ሥቃይ ይቀነስ አለ፣ ገሚሱ ነገሩ ጨርሶ ይቅር አለ፤ አብረው ሻይ ይጠጡ የነበሩ ሴቶች መንገድ ላይ ሲገናኙ ፊታቸውን ማዞር ጀመሩ። ሚስስ ካልድኮት ከጨርሶ ይቅር ባዮቹ ወገን ናቸው። በየአዳራሹ ሲናገሩ የበሰበሰ እንቁላል ተወርውሮባቸዋል፤ ለምርጫ ድምፅ መስጠት የማይፈቀድላት ሴት ሐኪሞችን ልታስተምር ነው ወይ ተብለው ተሰድበዋል። ባላቸውን ቀበሩ፣ ፀጉራቸው ነጣ፣ የምርምር ቤቱ ቁጥር ግን በየዓመቱ እየጨመረ ሄደ።

ላቪኒያ ሠላሳውን ያለፈች፣ በወንድሟ ቤት አንዲት ክፍል የተሰጠቻት ሴት ነበረች። ወንድሟ የሱቁን ነገር «የላቪኒያ ውሻ ቤት» እያለ እንግዳ ባለበት ያሾፍባታል። እሷም ትስቃለች። የምትስቀው ደስ ብሏት እንደሆነ ግን ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ጭጋግ በበዛበት አንድ ሰሞን አንድ ሽማግሌ መስኮቱ ፊት መቆም ጀመሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቆማሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የቆሙ ይመስላሉ። ከዚያ ሳይገቡ ይሄዳሉ። በማግሥቱም እንዲሁ። ላቪኒያ አንድ ቀን ብርድ ላይ መቆማቸው አሳዘናትና በሩን ከፍታ «ገብተው ይሙቁ እንጂ» አለቻቸው።

«ጫማዬን አሁንም ከሰሉ አልለቀቀውም፣ እመቤቴ። ምንጣፍዎን አበላሻለሁ።»

«ምንጣፍም የለን። ይግቡ።»

ገቡ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው እያዞሩ ትንሽ ቆሙ። ስማቸው ሲላስ ፖኮክ ነው፤ ጉልበታቸው እምቢ እስኪላቸው ድረስ የከሰል ጋሪ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው።

«መስኮቱ ላይ ያለችው ውሻ የኔ ናት» አሉ።

ላቪኒያ ወደ መስኮቱ ዞራ አየች።

«ፔግ ነው ስሟ። አምና ከገበያ መልስ ዞር ስል የለችም። ሰፈር ለሰፈር እየዞርኩ ስንት ቀን ፈለግኳት መሰልዎት። ውሻ የሚሰርቁ ሰዎች አሉ ይባላል፣ ለምርምር ቤት የሚሸጡ። እኔ ወሬ ነው እያልኩ ነበር።» ወደ መስኮቱ ጠቆሙ። «ግራ ጆሮዋን ያዩታል? ጫፉ የለም። ገና ቡችላ ሳለች አንዲት ድመት ቦጭቃት ነው። ደረቷ ላይም ነጭ ነገር አለ። ዓይኗ ብቻ የሷ አይደለም። የፔግ ዓይን ቢጫ ቢጫ ይል ነበር።»

«ሚስተር ፖኮክ…»

«ላስቸግርዎ አይደለም፣ እመቤቴ። ካርቶኑም ይቁም፤ ሰው ማወቅ አለበት። ግን ጠፍሩን ቢፈቱላት። ሌሊት ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ እሱ ነው። እንዲህ ተወጥራ ምን ያህል እንደቆየች፣ እኔን ትጠብቅ እንደነበር…»

ላቪኒያ መስኮቱ ውስጥ ተንበርክካ ገባችና ጠፍሩን አንድ በአንድ ፈታች። ውሻዋን አንሥታ ስትሰጣቸው ሽማግሌው እንደ ሕፃን ታቅፈው ተቀበሏት፤ ከዚያም ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለው ጭናቸው ላይ አስተኟት። እሷም ሻይ አፈላች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከሰዓት በኋላ ሳይመጡ የሚቀሩበት ቀን አልነበረም። ላቪኒያ ጠዋት ውሻዋን በጠፍር ታስራለች፤ እሳቸው ሊመጡ ሲሉ ትፈታታለች። ሻይ ታቀርባለች፣ ዳቦ ላይ የበሬ ጮማ ትቀባላቸዋለች። እሳቸው የውሻዋን ጀርባ እያሻሹ ያወራሉ። ፔግ ከሰል ጋሪ ላይ ጉብ ብላ ስትዞር ውላ ማታ ቡናማ ትሁን ጥቁር እንደማይለይ ነገሯት። ሚስታቸው በሞቱ ሰሞን ፔግ የሟቿ ጫማ ላይ ተኝታ አልነሣም ማለቷን ነገሯት። ላቪኒያም በተራዋ ለሰው ነግራው የማታውቀውን ነገር ማውራት ጀመረች፤ የወንድሟን ሹፈት፣ እሑድ ከሰዓት የሚያስፈራትን ዝምታ። ቀስ በቀስ «እመቤቴ» ማለቱ ቀርቶ «ልጄ» ሆነች።

«ልጄ፣ እንዲህ ያለ ሻይ አፍልተሽ ባል ማጣትሽ ይገርመኛል» ይሏታል።

«የሞተ ውሻ አጠገብ ማን መጥቶ ይጠይቀኝ?»

«እሱስ ልክ ነሽ። እኔም ሚስቴን ያገኘኋት የዳቦ መሸጫ በር ላይ ነው። እዚያ ሂጂ።»

ሁለቱም ይስቃሉ። ላቪኒያ በዚያ ዘመን የምትጠብቀው ሰዓት ይህ ብቻ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ሚስስ ካልድኮት አንድ ቀን ድንገት መጥተው ሽማግሌውን ከነውሻቸው ምድጃው ዳር አገኟቸው። ታሪኩን ሰሙ። ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እውነተኛ እንባ ነው፣ ሴትዮዋ ለታይታ የሚያለቅሱ ሰው አልነበሩም። እንባቸውን ጠርገው ሳይጨርሱ ግን «በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ስብሰባችን ላይ ይህን ይናገሩልናል፣ ሚስተር ፖኮክ?» አሉ።

«እኔ? እኔ እኮ ከፈረስ በቀር ለማንም ንግግር አድርጌ አላውቅም።»

«እንደነገሩን ብቻ ይንገሯቸው። ውሻዋንም ይዘው።»

ሽማግሌው ውሻዋን አዩ። «ለሌሎቹ የሚጠቅም ከሆነ… እሺ። ለፔግ ስል።»

የሰፈሩ ግድግዳ ሁሉ «ውሻውን የተቀማው የከሰል ሠራተኛ ይናገራል» የሚል ወረቀት ተለጠፈበት። የጋዜጣ ሰዎች እንደሚመጡ ተሰማ። የሕክምና ተማሪዎቹም እንደሚመጡ ተሰማ፤ የሚጮኹበት ስብሰባ ሲገኝ እነሱ አይቀሩም።

በስብሰባው ቀን ጠዋት ላቪኒያ ውሻዋን ስታነሣ ሆዷ ሥር ያለው ስፌት ተተርትሮ ድርቆሹ ረገፈ። ሽማግሌው ሲዳብሷት ሲዳብሷት ክሩን ጨርሰውታል። መድረክ ላይ ሆዷ ተዘርግፎ ልትታይ አይገባም ብላ በሻርፕ ጠቀለለቻትና ቀድሞ ወደ ሠራት ሰው ወሰደቻት። ሚስተር ዩስታስ ጌጅ የሞተ አውሬና ወፍ ቆዳ ሞልቶ የሚሸጥ ባለ ሱቅ ነው። ጉጉትና ቀበሮ መሃል ቁጭ ብሎ ሳንድዊች ይበላ ነበር።

«ውይ! ይቺ አይጥ የበላቻት አይደለችም እንዴ!» አለ ገና ሲያያት።

«አይጥ?»

«ጆሮዋን አያዩትም? ሙሉ ነበር። መደርደሪያ ላይ ብዙ ስለቆየች አይጥ ጫፉን ቀረጠፈው። ለሚስስ ካልድኮት ምክንያቱን ሳልናገር ዋጋ የቀነስኩት ለምን ሆነና?» ሳንድዊቹን አስቀምጦ ክር ማስገባት ጀመረ።

ላቪኒያ ወንበር ሳትጠይቅ ተቀመጠች። «ሚስተር ጌጅ፣ ይቺን ውሻ የሞሏት መቼ ነው?»

«እሷማ ድሮ ናት። ንግሥት ቪክቶሪያ የሞቱ ዓመት። ለቀብራቸው ሱቅ የዘጋሁ ዕለት ደጃፌ ላይ ጥለዋት ሄዱ፤ ጋሪ ገጭቷት ነው። ባለቤቷ ቢመጣ ብዬ ሠራኋት። ስንት ዓመት! ማንም መጥቶ አልጠየቃትም።»

ላቪኒያ መርፌው ሲወጣና ሲገባ አየች። ፔግ የጠፋችው አምና ነው። ንግሥቲቱ ሲሞቱ ፔግ ገና አልተወለደችም። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ጊዜ ታቅፈው የሚያለቅሱት የማያውቁትን ውሻ ነው።

ውሻዋን አቅፋ መንገዱን ስትሄድ ሁለት ነገር ታመዛዝን ነበር። ብትነግራቸው፣ ሌሊት ሌሊት የሚያዩት ጠፍር ቢያንስ የፔግ አለመሆኑን ያውቃሉ። ብትነግራቸው ደግሞ የሚያቅፉት ነገር ይወሰድባቸዋል፤ ፔግም እንደገና ትጠፋባቸዋለች። እሷም ብትሆን ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ለምን ሱቅ ይመጣሉ? ይህን የመጨረሻውን ሐሳብ ራሷም አፈረችበት።

አዳራሹ በራፍ ላይ ለሚስስ ካልድኮት ነገረቻቸው። እሳቸው ሰምተው ሲጨርሱ እጇን ያዙ።

«ነገ ንገሪው፣ ላቪኒያ።»

«ዛሬ ቆመው ሊናገሩ እኮ ነው።»

«እሱ ውሸታም አይሆንም፤ ያመነውን ነው የሚናገረው። እኛም አላልንም፣ እሱ ነው ያለው።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ስሚኝ፣ ልጄ። ዕድሜዬን ሙሉ ስናገር ጋዜጣው የሚጽፈው ስለ ባርኔጣዬ ነው። ሐኪሞቹ ሥራ ፈት ባልቴት ይሉኛል። ዛሬ ግን አንድ የከሰል ሠራተኛ ቆሞ ‹ውሻዬ› ሲል ማን ይስቃል? አሁን፣ እኔና አንቺ እዚህ ቆመን ስናወራ፣ ስንቱ ውሻ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ታውቂያለሽ። አንድ ሌሊት ብቻ ነው የምለምንሽ።»

ላቪኒያ ልትቆጣቸው ፈልጋ አልቻለችም። ሴትዮዋ ያለቁበት ነገር ነው። እሷም የምታምንበት ነገር ነው። ሆኖም የእኚህ ሴት ጥያቄ ትክክል የመሰላት ሽማግሌውን እስክታያቸው ድረስ ብቻ ነበር።

ሚስተር ፖኮክ ከመድረኩ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። ፊታቸው በሳሙና ተፈትጎ ተፈትጎ ቀይ ሆኗል፤ አንገታቸውን የተበደሩት ኮሌታ አንቋቸዋል። ውሻዋን ሲያዩ እጃቸውን ዘረጉ።

«መጣሽ? የኔ ፔግ፣ አጊጠሽ መጣሽ! ልጄ፣ አሰፋሽላት? ተባረኪ። እኔ እኮ ምን እንደምል ጠፍቶኝ…»

«ሚስተር ፖኮክ» አለች ላቪኒያ። ከፊታቸው ተንበረከከች። «ይቺ ፔግ አይደለችም።»

የዘረጉት እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ንግሥቲቱን፣ ጋሪውን፣ አይጡን። ከግድግዳው ማዶ ተማሪዎቹ እንደ ውሻ መጮኽ ጀምረዋል፤ አዳራሹ ሙሉ አደን የወጣ ይመስላል። ሽማግሌው ጩኸቱን የሚሰሙ አይመስሉም።

«ታዲያ የኔዋ የት አለች?» አሉ።

«አላውቅም።»

«ጠፍር ላይ ላትሆን ትችላለች ማለት ነው?»

«ላትሆን ትችላለች።»

«ሆናም ይሆናል።»

ላቪኒያ «አልሆነችም» ለማለት ነፍሷን በሰጠች ነበር። «አዎ» አለች፤ «ሆናም ይሆናል።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። እንባቸው ወረደ፣ አልጠረጉትም። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ውሻዋ መለሱ፤ አዲስ እንግዳ እንደሚያይ ሰው አዩዋት።

«ይቺስ የማን ናት?»

«የማንም አይደለችም። የጠየቃት ሰው የለም።»

«ስምም የላት?»

«የላትም።»

«እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ በሌላ ስም ስጠራት…» ሊስቁ ሞከሩ። «አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣችኝም። ጨዋ ናት።»

በሩ ተንኳኳ፤ ተራቸው ደርሷል። ላቪኒያ «መውጣት የለብዎትም፤ እኔ ወጥቼ አሟቸዋል እላለሁ» አለቻቸው።

«አልታመምኩም» አሉና ተነሡ። «ስጪኝ እስቲ።» ውሻዋን ተቀብለው ወጡ።

ላቪኒያ ከመጋረጃው ጎን ቆማ አየች። ሽማግሌው መድረኩ ላይ ሲታዩ የኋላ ወንበሮች ላይ ያሉት ተማሪዎች ጩኸቱን አደባለቁት፤ አንዱ ያላዝናል፣ አንዱ እንደ ቡችላ ያለቅሳል። ሚስስ ካልድኮት ከወንበራቸው ሆነው ጣታቸውን ቆላልፈዋል። ሽማግሌው ግን ጠበቁ።

«የከሰል ጋሪ ያየ ውሻ ሁሉ ይጮሃል» አሉ በመጨረሻ። «ለምጄዋለሁ። እስኪደክማችሁ እጠብቃለሁ።»

ሰው ሳቀ፤ ከተማሪዎቹም የሳቁ ነበሩ። ጩኸቱ ባይጠፋም ላላ አለ።

«ወረቀቱ ላይ ውሻዬን ይዤ እንደምመጣ ተጽፏል። ይቺ ግን ውሻዬ አይደለችም። ተሳስቼ ነው። አሁን ነው የተነገረኝ።»

ሚስስ ካልድኮት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከኋላ «ውሸታም!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«እኔ ሐኪም አልጠላም። ሚስቴ ስትሞት እጇን ይዞ ያደረው ሐኪም ነው፤ አብሮኝም አልቅሷል። ከእናንተ አንዱ አንድ ቀን እንደሱ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ንግግር አላውቅም።» ውሻዋን ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጓት። «የኔ መስላኝ ሳለች ጠፍሩን ፍቱላት ብዬ ለመንኩ። አሁን የኔ አይደለችም አሉኝ። ታዲያ ምን ልበል? መልሳችሁ እሰሯት ልበል? አንደበቴ እምቢ አለኝ። ሌላ የምለው የለኝም።»

አጨብጭቡልኝ ሳይሉ ወረዱ። ያጨበጨበም ነበር፣ የጮኸም ነበር፤ የጋዜጣው ሰው እርሳሱን ኪሱ ከተተ፣ የሚጽፈው ነገር አላገኘም። ሚስስ ካልድኮት ከወንበራቸው ተነሥተው ሽማግሌው ሲያልፉ የውሻዋን ራስ በጓንታቸው ዳበሱት። ለስንት ዘመን ስለ ውሻ ሲናገሩ ኖረው፣ ይችን ውሻ ግን ከገዟት ጀምሮ ነክተዋት አያውቁም ነበር።

ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ላቪኒያ ጃንጥላ ይዛ እስከ በሩ ተከተለቻቸው።

«ይዣት ልሂድ?» አሉ ሽማግሌው። «መስኮታችሁ ባዶ ይሆናል።»

«ይሁን። ይዘዋት ይሂዱ።»

«ነገ ሻይ ሰዓት እመለሳለሁ። ስም ታወጪላታለሽ፤ እኔ ስም ማውጣት አይሆንልኝም።»

ላቪኒያ ጃንጥላውን ዘረጋችላቸው። እሳቸው አልተቀበሉም፤ እጃቸው ሞልቷል። ካፖርታቸውን አውልቀው ውሻዋን ከራሷ እስከ ጅራቷ ጠቀለሏት። «ድርቆሽ እርጥበት አይወድም» አሉ። ከዚያ በሸሚዛቸው፣ ቀስ እያሉ፣ ዝናቡ ውስጥ ወደ ቤታቸው ሄዱ።